በደባርቅ ብርድ የጋለ ማሽን

በደባርቅ ብርድ ኮምፒዩተር ጋለብኝ ብሎ የሚያማርር ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ለማን ይነገራል? ጥር ላይ ሰው ጋቢ ደርቦ፣ ኮፍያ ደፍቶ ነው ሱቅ የሚከፍተው። እኔ ደግሞ የሰርግ ቪዲዮ የማቀናብርበት ማሽን በሙቀት እየነደደ ሥራ መሐል ድርግም ይልብኛል። ለሰው ስነግር ይስቅብኛል። ጎረቤቴ ባለጋራዡማ፣ «መስኮት አትከፍትም እንዴ! ከተማው እንዳለ ፍሪጅ አይደለም?» ይለኛል። መስኮቱንም ከፍቼ ሞክሬዋለሁ። የገባልኝ አቧራና የገብስ ገለባ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ አየር ብርድ አለው እንጂ ጉልበት የለውም። ከፍታው ላይ ስስ ስለሆነ የማሽኑ ማራገቢያ ቢሽከረከር ቢሽከረከር የሚገፋው ነገር ያጣል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ይኼን ለባለጋራዡ ባስረዳው፣ «ታዲያ እኛ በምን እየተነፈስን ነው?» አለኝ። ተውኩት። ማስረዳትም ይደክማል።

በዚያ ሰሞን ሁሉም ነገር ይደክመኝ ነበር። ዐቢይ ጾም ሳይገባ መውጣት ያለበት የሰርግ ቪዲዮ ተከምሮብኛል፤ መብራት ሲኖር ማሽኑ ይጠፋል፣ ማሽኑ ሲበርድ መብራት ይሄዳል። ሙሽሮቹ በስልክ ይጨቀጭቁኛል። መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ዕቃ አይመጣም። እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል። ሰው ደኅና ዋልህ ሲለኝ እንኳ መመለሱ ይከብደኝ ጀመር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ለእናቴ፣ «ይኼ ማሽን ካልተስተካከለልኝ ያለኝን ሸጬ እሄዳለሁ። መተማ ይሁን አዲስ አበባ እንጃ፤ ብቻ እሄዳለሁ» አልኳት። የጠቀለለችውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰችው። በዚያ ቤት ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን፤ ያንን እያወቅሁ ነው የተናገርኩት።

በማግስቱ ዱላዋን ይዛ ወጣች። ወደ ማታ ግድም እያነከሰች ስትመለስ በቢጫ የዘይት ጀሪካን ውሃ ይዛለች።

«የት ውለሽ ነው?»

«ቁልቁለቱን ወርጄ ጸበል ቀዳሁ።»

ጉልበቷን ያማታል። ያንን ገደል ደኅና እግር ያለውም አይደፍረው። ለጉልበቷ መስሎኝ፣ «ለጉልበቱ ብሎ ጉልበቱን የሚሰብር ሰው ዛሬ አየሁ! ጉድ በል ጎንደር!» ብዬ ተነጫነጭኩባት። ጀሪካኗን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት፣ «ሻይ ሳትቀምስ እስቲ አንዴ ቁም» ትለኛለች። እኔ ቀድሞውኑ የሻይ ብርጭቆዬን ይዣለሁ። «ቆይ እማ፣ ሥራ አለብኝ» እላትና ወደ ማሽኔ እገባለሁ። ሱቄ የቤታችን የፊተኛው ክፍል ነው፤ ከአልጋዋ የሚለየኝ አንድ መጋረጃ ነው።

ለማሽኑ ያዘዝኩት በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ከጎንደር በሚኒባስ ሹፌር እጅ ደረሰልኝ። መዳፍ የማይሞላ ነገር ነው፤ ከሥሩ መዳብ፣ በውስጡ ውሃ የሚመላለስበት። መዳቡ የማሽኑ አንጎል ላይ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ይቀመጣል፤ ሙቀቱን ውሃው ተሸክሞት በቱቦ ይሄድና በትንሽ ራዲያተር በርዶ ይመለሳል። በወሬ ቀላል ነው። እኔ ግን ፕሮሰሰሩን ቀደም ብዬ ነካክቼዋለሁ። ላዩ ላይ የብረት ክዳን ነበረው፤ ከክዳኑ ሥር ያለው ቅባት ደርቆ ሙቀት አላሳልፍ ቢለኝ ጊዜ ዙሪያውን በምላጭ ፈልቅቄ ክዳኑን አነሣሁት። አሁን ጥፍር የምታህል የምታብለጨልጭ ነገር ዕርቃኗን ቀርታለች። ጠርዟ ትንሽ ከተሸረፈ አለቀ። ማሽኑም አለቀ፣ ሥራዬም አለቀ፣ ያን ጊዜ የእናቴ ልጅ መንገደኛ ነው።

መዳቡን ባስቀምጠው አልደርስ አለ። ለካ የተሠራው ክዳን ላለው ነው! ክዳኑን እኔው ስላነሣሁት የክዳኑን ውፍረት ያህል ከላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወይ ጉዴ፤ ከድጡ ወደ ማጡ። መዳቡ የሚቆምባቸውን እግሮች ማሳጠር ግድ ሆነ። ከባለጋራዡ ሞረድ ተዋስኩ፤ የባትሪ ውሃም ሰጠኝ፣ አሲዱን ሳይሆን ንጹሑን፣ የቧንቧ ውሃ ቆሻሻ ያስቀምጣልና። እሱም በቢጫ የዘይት ጀሪካን ነበር። መደርደሪያው ላይ አኖርኩት።

በበነጋው እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሥራዬን ጀመርኩ። እሞርዳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ ዓይኔን አስጠግቼ ብርሃን በሥሩ ያልፍ እንደሆነ አያለሁ። ያልፋል። እንደገና እሞርዳለሁ። ወገቤ ተቆረጠ። ብርሃኑ የጠፋ ጊዜ አዲስ ቅባት ቀብቼ ብሎኖቹን ማጥበቅ ያዝኩ፤ እንደ መኪና ጎማ አንዱን ከነካሁ ቀጥሎ በሰያፍ ያለውን፣ ጥቂት ጥቂት እያልኩ። በአንድ ወገን ከጫንኩት ያቺ ጥፍር ትሰበራለች። የመጨረሻውን ሳጠብቅ፣ ቀጭ! አለ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «በቃ፣ ተገላገልኩ» ያልኩ ይመስለኛል። ይኼን ማለቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሰው እንጀራው ሲሰበር ተገላገልኩ ይላል? ፈታትቼ ሳየው ግን ጮኾ የተሰነጠቀው ከብሎኑ ሥር ያለ የፕላስቲክ ቀለበት ነው። ቀየርኩትና መልሼ አሰርኩት።

ከዚያ ጀሪካኑን ከመደርደሪያው አውርጄ ውሃውን ሞላሁ። ብርሃን በሚያሳልፈው የማቀዝቀዣው የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ሳየው ትንሽ አፈር ነገር አለው። «ይኼ ባለጋራዥ! ንጹሕ ነው ብሎ የሰጠኝ ይኼን ነው?» ብዬ ረገምኩት። ሌላ ለማምጣት ግን ማን ይነሣል? ቱቦዎቹ ሥር ወረቀት አንጥፌ ማሽኑን ሳላስነሣ ውሃውን ብቻውን አዞርኩት፤ ጠብ ያለ የለም። ማሽኑን አስነሣሁና ከሁሉ የከበደውን ሰርግ ጫንኩበት። ሙቀቱ ከፍ አለ፣ ቆመ፣ ወረደና እዚያው ረጋ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም፤ ግን እልልታም አቅም ይፈልጋል።

እናቴ ገባች። ነጠላዋን ሳታወርድ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባዶ ጀሪካን አየች።

«ይኼ ውስጥ የነበረውስ?»

«ማሽኑ ውስጥ ገባ። የባትሪ ውሃ ነው።»

«የባትሪህ አልጋው ሥር ነው። ጸበል መሬት አይቀመጥም ብዬ የኔን ነው መደርደሪያው ላይ ያወጣሁት።»

ማጠራቀሚያውን አየሁት። ያ አፈር እየተሽከረከረ ነው። «እማ፣ በሞትኩት! የጉልበትሽን ጸበል ጨረስኩብሽ። እኔው ወርጄ እቀዳልሻለሁ» አልኳት።

ወንበሩ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«የምን ጉልበት? ጉልበቴማ የእርጅና ነው፣ ለምጄዋለሁ። እሄዳለሁ ያልከኝ ጊዜ ላንተ ነው የቀዳሁት። አትተኛ፣ አትስቅ፣ ሰው ሲያናግርህ ትቆጣለህ። ባዶ ሆድህን አንዴ ብትጠጣልኝ ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ፈራሁህ።»

እናቴ ናት እንዲህ የምትለኝ። ሰው አልፈራ ብላ ያሳደገችኝ ሴት፣ በገዛ ቤቷ፣ ከመጋረጃ ወዲያ ሆና እኔን ፈርታ ኖራለች። እሷ ወደ ማሽኑ ዞር ብላ፣ «ለመሆኑ እሱስ ተሻለው?» አለችኝ።

«ተሻለው።»

«እሰይ» አለች። ስትስቅ እኔም ሳቅሁ። ወዲያው ሳቄ ወደ ልቅሶ ዞሮብኝ ፊቴን ወደ ግድግዳ መለስኩ። አይታኛለች፤ እንዳላየች ሆና ነጠላዋን ታጥፍ ጀመር።

ሰርጎቹን በዚያው ጸበል ጨረስኩ። ሥራው ሲያልቅ ውሃውን መቀየር ነበረብኝ፤ ያ አፈር ሲቆይ መዳቡን ይጎዳዋል። «እግር በሚረግጠው እንዳትደፋው» ብላ ስላስጠነቀቀችኝ ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ከአጥር ውስጥ ካለ ጽድ ሥር አፈሰስኩት። የባትሪውን ውሃ ከአልጋው ሥር አውጥቼ ሞላሁ። ጥርት ያለ ነበር፤ ባለጋራዡን በከንቱ ነው የረገምኩት።

ከዚያ ባንዱ ጠዋት ስነቃ እናቴ ጫማዋን እያሰረች ነው። ዱላዋ በጎኗ፣ ባዶው ጀሪካን ከፊቷ። ጋቢዬን አንሥቼ ጀሪካኑን ከፊቷ ወሰድኩት።

«ሱቁስ?» አለችኝ።

«ይዘጋ።»

ከከተማው ወጣን። ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ አድሯል። ከቁልቁለቱ አፋፍ ስንደርስ በዱላዋ ተደግፋ ቆመች፤ እጄን ዘርግቼ ያዝኳት። ቁልቁል እያየች፣ ፊቴን ሳታይ ጠየቀችኝ።

«ሻይ ቀምሰሃል?»

«አልቀመስኩም፣ እማ።»