የመቶ እግሩ ጠርሙስ

በዩኒቨርሲቲያችን ምድር ቤት የናሙና ክፍሉን የሚጠብቁት ሽማግሌ ሰላምታ አይመልሱም። ግራጫ ጋዋናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ቀንድ አውጣ፣ ጊንጥና አልቅት በመድኃኒት የተነከሩባቸውን ጠርሙሶች ሲወለውሉ ይውላሉ። ተማሪ ሲገባ ፊታቸው ይጠቁራል።

ትናንት ጓደኛዬ አንዲት ሸረሪት አየችና፣ "ይቺ ነፍሳት ስሟ ማን ነው?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"እግሯን ቁጠሪ!" ብለው ጮኹባት። "ስምንት ነው! ነፍሳት እኮ ስድስት ነው ያላቸው። መቁጠር የማይችል ተማሪ ማን ላከብኝ?"

የጓደኛዬ ዓይን እንባ አቀረረ። እኔ ደሜ ፈላ፤ ለእልህ ብዬ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ጠርሙስ አወረድኩ። ውስጡ መቶ እግር ነበር። ወረቀቱ ላይ በተንጋደደ የልጅ ጽሑፍ፣ "አባዬ፣ ይሄን ያገኘሁት እኔ ነኝ" ይላል።

"ልጅዎ ነው የጻፈው?" አልኳቸው፤ ድምፄ ሳላስበው ለሰለሰ።

ጠርሙሱን ከእጄ መነጨቁኝ።

"አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች። የመድኃኒቱ ሽታ ልብሴን አይለቅም ብላ ቤቷ አታስገባኝም። በቃህ? ውጡልኝ!"

ወጥተን ይቅርታ ልል ዞሬ አፌን ስከፍት በሩን ፊቴ ላይ ዘጉት።