ለዓሣ የሚቀዳው ጠጅ

ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ጠጅ ትሸጥ የነበረችው አክስቴ የበላኸውን ሳትጠይቅ አትቀዳልህም ነበር። ለጥብስ ከደማዚን በመጣ ጥቁር ማር የጣለችውን፣ ለዓባይ ዓሣ ደግሞ ገና ያልጠነከረውን የጎጃም ነጭ ማር ጠጅ ታቀርባለች። "ዓሣ በልተህ ጥቁሩን? ያላ፣ ብርጭቆዬን መልስ" ትላለች።

እዚያ መጠጥ መሸጥ ክልክል ነው፤ ፖሊሶች እየመራ ያመጣባት ጎረቤታችን የዚያው ጠጅ ደንበኛ ነበር። ከሻ በሚሉት በዚያ የፖሊስ አፈሳ ጋኖቿን ሰባበሩ፤ እሷም ከእስር ሳል ይዛ ወጣች፣ ብዙም አልቆየች።

ቀብረናት እንደተመለስን ሰውዬው ደንበኞቿን ለመውሰድ በግቢው ጠጅ ጣለ። "ከእሷ የተማርኩት ነው" እያለም አስወራ። ከዚያ እኔ ዘንድ መጣ።

"የኔ ልጅ፣ አክስትህ ጌሾውን መቼ ነበር የምታወጣው?"

"አታወጣውም ነበር፣ ጋሼ።"

"ወላሂ?"

"ወላሂ። ጠጁ ተጠጥቶ እስኪያልቅ እዚያው ነው።"

ጌሾ ሲከርምበት ጠጅ እሬት ይሆናል። መጀመሪያ የቀመሰው የቀን ሠራተኛ ፊቱን አጨማዶ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ለምን ዓይነት ምግብ ነው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ከጎኑ የተቀመጠው "ለኮሶ ማወራረጃ" አለው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። በማግስቱ የገባ ሰው አልነበረም።

የእሷም ቤት ተዘግቷል። አሁን ካላክላ ውስጥ ዓሣ በልቶ ለወጣ ሰው ምን ይጠጣ ብሎ የሚያስብለት የለም።

በተዝካሯ ዕለት የንስሐ አባቷ ወደ ጥግ ወሰዱኝና፣ "ልጄ፣ ነፍሷ እንድታርፍ ሰውዬውን ይቅር በለው" አሉኝ።

ካርቱም ውስጥ ተጠርቶ ላይመጣ የቆረጠ ሰው እንደሚለው፣ "ኢንሻላህ፣ አባ" አልኳቸው።