ስድስት አልጋ ያለው መኪና

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሐምሌን ያላሳለፈ ሰው "ወበቅ አውቃለሁ" ቢለኝ አላምነውም። ሙቀት ብቻ ቢሆን ጥላ ፈልጎ መቀመጥ ይቻላል፤ ወበቁ ግን ጥላው ሥርም ተከትሎ ይመጣል። ጠዋት ከሕንፃው ወጥቼ መኪናዬ ጋ እስክደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ይለጠፋል፣ መነጽሬን ጉም ይሸፍነዋል፣ ከዚያ ደረቴ መታፈን ይጀምራል። ሐኪሜ "በሰመር ኤሲህን ከፍተህ ቤትህ ተቀመጥ" ትለኛለች። ምክሯ ለሳንባዬ ደግ ነው። ለእኔ ግን አልሆነኝም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ በሬን ዘግቼ ስቀመጥ ከኤሲው በቀር ድምፅ የሚያሰማ የለም።

ያለፈውን ዓመት ሰመር እንዲያ ነው ያሳለፍኩት። መስኮቱን ዘግቼ፣ መጋረጃውን ጋርጄ፣ ቴሌቪዥኑን ከፍቼ። አንድ ቀን ስልክ ጮኸና "ሄሎ" ልል ስል ድምፄ አልወጣ አለኝ። አልታመምኩም፤ ለካ ከሰው ጋር ካወራሁ ሰነባብቻለሁ። የደወለው ደግሞ የመኪና ዋስትና የሚሸጥ ማሽን ነበር። ማሽኑ እስኪጨርስ አዳመጥኩት። ስልኩን ስዘጋ ለራሴ ማልኩ፤ የሚቀጥለውን ሰመር ከዚህ ወበቅ ሸሽቼ፣ ከሰው ጋር አሳልፋለሁ አልኩ።

አርቪ የሚሉትን ባለ አልጋ መኪና የመከራየት ሐሳብ የመጣልኝ ከዚያ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሻትል ስነዳ ኖሬአለሁ። የሰው ሻንጣ ስጭንና ሳወርድ ዕድሜዬ አለቀ እንጂ የራሴን ሻንጣ ጭኜ "ዘና ልበል" ብዬ የሄድኩበት ቦታ የለም። መንገድ ላይ ግን አልጋውንም ምድጃውንም ሽንት ቤቱንም ተሸክመው የሚሄዱትን ትልልቅ መኪናዎች አያለሁ። የሚነዷቸው የአሜሪካ ጡረተኞች ናቸው። እኔም ጡረተኛ ነኝ። አሜሪካዊም ነኝ፤ ወረቀቱ አለኝ። ታዲያ ምን ጎደለኝ አልኩ።

ውጭ በረዶ እየጣለ እኔ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ካርታ ዘርግቼ ስለ ሐምሌ ሙቀት እጨነቅ ጀመር። ደቡቡን ገና ከጅምሩ ሰረዝኩት። ምዕራቡ ሩቅ ነው። ጣቴን በባሕሩ ዳር ወደ ሰሜን እየገፋሁ ሄጄ ሜይን ላይ አቆምኩ። እዚያ በሐምሌም ማታ ማታ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል ይላሉ። ብርድ ልብስ! ቃሉ ራሱ አቀዘቀዘኝ።

ከቦታው ይልቅ ያስቸገረኝ ቀኑ ነው። የእኛን ሰው በሰመር ማግኘት ቀላል አይደለም። ቅዳሜው ሁሉ በሠርግና በልጅ ምርቃት ተይዟል። የሐምሌው መጀመሪያ በየዓመቱ በሚደረገው የሐበሻ የኳስ ውድድር ተይዟል፤ ያን ሳምንት ኳስ የማይወደው ሁሉ ኳስ ወዳድ ይሆናል። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ፍልሰታ ይገባል፤ ጾመኛ ይዞ ወደ ባሕር ዳር መሄድ ዓሣውን እያዩ ምራቅ መዋጥ ነው። በኳሱና በጾሙ መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍተት አገኘሁና ቀን መቁጠሪያው ላይ ከበብኳት። ለልጄ ሲያትል ደወልኩ። "ዳድ፣ በሕይወትህ ካምፕ አድርገህ አታውቅም እኮ" አለችኝ በእንግሊዝኛዋ። ነይ ብላት ሥራ አለብኝ አለች፤ ማታ የአውራ ጣት ምልክት ላከችልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ማኪያቶ የምንጠጣ ሦስት ጓደኞች አሉኝ። አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ አንዱ ቤት ያሻሽጣል፣ አንዱ እንደኔ ጡረተኛ ነው። ነገሩን ሳነሳላቸው ካፌው ተናጋ።

"አለሁበት!" አለ ታክሲ ነጂው እጄን መትቶ። "በናትህ፣ እኔማ ብሬክ ያስፈልገኛል። ዴቱን ብቻ ቴክስት አድርግልኝ።"

"ጥብሱን ለኔ ተዉት" አለ ቤት አሻሻጩ።

ጡረተኛው ትንሽ አሰበና "ሽንት ቤቱ ሲሞላ ማነው ክሊን የሚያደርገው?" አለ። በዚህ ላይ ማኪያቷችን እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን። እንዲህ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም። ሽንት ቤት ስለማጽዳት የሚከራከር ሰው ከልቡ ሊሄድ ነው ብዬ አመንኩ፤ ስድስት አልጋ ያለውንም መኪና ያዝኩ።

በዚያው ቀን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ለሚኖሩት ጋሼ ደወልኩ። ጋሼ ሥጋ ዘመዴ አይደሉም። እዚህ አገር የገባሁ ጊዜ ቤዝመንታቸው ውስጥ ያኖሩኝ፣ እሑድ እሑድ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ በአሮጌ መኪናቸው መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሰማንያ አምስት ሊሞላቸው ነው። ልጆቻቸው በየስቴቱ ተበታትነዋል፤ እሳቸው ከፎቁ ላይ ሆነው የሰውን መኪና ቁልቁል ያያሉ።

"ጋሼ፣ በሰመር ከዚህ ወበቅ ልንሸሽ ነው። ሜይን ድረስ። አብረውን ይሂዱ።"

"አይ ልጄ" አሉ። "እኔን ሽማግሌውን ተዉኝና እናንተ ዘና በሉ። ሸክም ነው የምሆንባችሁ።"

"እንዳሉ ጋሼ" አልኩና ስለ ጤናቸው ጠይቄ ዘጋሁ።

ሰኔ ሲገባ እሺታዎቹ አንድ በአንድ ይረግፉ ጀመር። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል፤ የእኔዎቹን እሺ ግን ሺህ ቢደርቡባቸው አንድ ሰው አይወጣቸውም። አይ ያለኝ የለም፤ የእኛ ሰው አይ አይልም። ታክሲ ነጂው "ሰመር ላይ ቢዚ ነው፣ እስቲ እናያለን" አለ። ቤት አሻሻጩም እናያለን አለ። "እናያለን" ምን ማለት እንደሆነ ለሐበሻ አላስረዳም። ጡረተኛው የሚስቱ እህት ልጅ ሠርግ ኦሃዮ ተደቀነበት። መጀመሪያ ቀን ይሉኝታ ይዟቸው፣ ደስ እንዲለኝ ብለው ነው እሺ ያሉኝ። አውቃለሁ፤ እኔም ለሰው ስንቴ አድርጌዋለሁ። ቢሆንም ከፋኝ። ለቅሶ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ሥራቸውን ጥለው ይመጡልኝ ነበር። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ቤቴ ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። በደህና ጊዜ ሰው ለማግኘት ምን መሆን እንዳለብኝ አላውቅም።

በእነዚያ ቀናት ጋሼ ደጋግመው ይደውሉልኝ ነበር፤ ልማዳቸው አልነበረም። አንድ ቀን የመድኃኒት ስም ረስተው፣ ሌላ ቀን ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ሊጠይቁኝ። ልንዘጋ ስንል "ለመሆኑ ሜይን ምን ያህል ይበርዳል አልከኝ?" ይላሉ። እኔም እነግራቸዋለሁ። ሽማግሌ ናቸው፣ ወሬ አምሯቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

ብቻዬን ሄድኩ። መኪናውን ያስረከበኝ ልጅ ከኋላዬ ሰው ይመጣል ብሎ በሩን ከፍቶ ጠበቀ፤ ዝጋው አልኩት። የሻትል ሹፌር ነኝና ትልቅነቱ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ ጸጥታው ነው። ለዓመታት ጀርባዬ ላይ የሰው ወሬ ተሸክሜ ነው የነዳሁት። አሁን ከኋላዬ የሚሰማው ቁምሳጥን ውስጥ የሚንኳኳ ድስት ነበር።

ሜይን የተባለው ሁሉ እውነት ነው። አየሩ ቀላል ነው፣ ደረቴ ተከፈተ፣ ማታ ብርድ ልብስ ለበስኩ። ጎረቤቶቼ ነጭ ሽማግሌዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው እሳት ዳር ተቀምጠው እጃቸውን ያውለበልቡልኛል፤ እኔም አውለበልባለሁ፤ በዚያው እናበቃለን። የቀሩት አልጋዎች እንዳይከፋቸው ይመስል በየማታው አልጋ እየቀያየርኩ ተኛሁ። አምስተኛው ላይ ስወጣ ራሴን ታዘብኩትና ሳቅኩ፤ ሳቄ ግን መሐል ላይ ቆመ። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል የሚለው ተረት ትዝ አለኝ። ብቻውን የሚቀዘቅዝ ምን እንደሚሆን አልተነገረም።

ስመለስ መኪናውን በማግስቱ ጠዋት ቨርጂኒያ ማስረከብ ነበረብኝ። አሌክሳንድሪያ መንገዴ ላይ ስለሆነች የሰማያዊ እንጆሪ ማርማላታ ይዤ ለጋሼ ልሰጣቸው ጎራ አልኩ። ከቀትር በኋላ ነው፤ አስፋልቱ ይፋጃል፣ ወበቁ ከነሙሉ ክብሩ ተቀበለኝ። አርቪውን የጎብኚ ፓርኪንግ ውስጥ ገትሬ ወጣሁ።

ጋሼ በሩን ሲከፍቱልኝ አንድ ሻንጣ እግሬን መታኝ። በሩ ጀርባ ቆሞ ነበር፤ ትንሽ፣ ያረጀ፣ ዚፑ የተዘጋ። ከላዩ ላይ አዲስ የሱፍ ሹራብ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የሱቁ ወረቀት ገና አልተነሳለትም።

"ሊሄዱ ነው እንዴ ጋሼ?"

"የት እሄዳለሁ?" አሉ፤ ወደ ሶፋው ዞር ብለው። "ቁምሳጥን ውስጥ ልመልሰው ልመልሰው እያልኩ ሰነፍኩ እንጂ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የቆመው?"

ማርማላታውን ተቀብለው ክዳኑን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው "የደወልክልኝ ሳምንት ነው" አሉ። "ሹራቡን የጎረቤቴ ልጅ ናት የገዛችልኝ። ብርድ ነው ስላልከኝ።"

"ታዲያ ምነው አይ አሉኝ?"

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። "አንድ ጊዜ እኮ ነው የጠየቅከኝ" አሉ።

መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ከእሳቸው ማዕድ ስንት ዓመት በልቻለሁ። "በቃኝ" ስል "በሞቴ" ብለው፣ "ጠገብኩ" ስል "አፈር ስሆን" ብለው ሲያጎርሱኝ የኖሩ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን አይ ሰምተው ሳህኑን ቢያነሱት ኖሮ እዚያ ቤዝመንት ውስጥ በረሃብ አልቅ ነበር። እኔ ግን የጓደኞቼን የይሉኝታ እሺ አምኜ ስድስት አልጋ ተከራየሁ፣ የእሳቸውን የይሉኝታ አይ አምኜ ስልኬን ዘጋሁ። እኔ አልጋ እየቀያየርኩ ስተኛ እሳቸው ሻንጣቸውን በር ላይ አቁመው ሁለተኛውን ጥሪ ይጠብቁ ነበር። አፈርኩ። ማልቀስም አማረኝ፤ እሳቸው ፊት አልሆነልኝም።

በመስኮቱ ቁልቁል ሳይ አርቪው ሦስት መኪና የሚያቆም ቦታ ይዞ ተጋድሟል።

"ጋሼ" አልኩ፣ "መኪናው እስከ ነገ ጠዋት ድረስ የኛ ነው። ይነሱ እንሂድ።"

"አይ፣ ደክሞሃል። ቤትህ ገብተህ ዕረፍ።"

"አልደከመኝም። ይምጡ፣ ወደ ተራራው በኩል አየር እንቀበላለን።"

"እኔ ሽማግሌ ምን አደርግልሃለሁ? ሌላ ጊዜ።"

"አፈር ስሆን ጋሼ!"

ማርማላታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "እሺ" አሉ፣ "ካልክማ እሺ"። እንደ ጎረምሳ ነው ብድግ ያሉት።

ሻንጣውን እኔ ያዝኩ፤ ሹራቡን ግን አልሰጡኝም። ፓርኪንጉን ስናቋርጥ ሁለታችንም ላብ በላብ ሆንን። አርቪው ውስጥ ገብተው አልጋዎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፣ ምድጃውን ከፍተው ዘጉ፣ "ይኼ ሁሉ ባዶውን?" አሉ። ከዚያ ከጎኔ ተቀምጠው ቀበቷቸውን አሰሩ። ስወጣ እንደ ድሮው "መስታወትህን እይ" አሉኝ።

ተራራው ጋ አልደረስንም። ስድሳ ስድስት ቁጥር መንገድ ላይ ስንገባ ሰው ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነበርና መኪናው ሁሉ ቆሟል። ከአስፋልቱ ላይ ሙቀት ይነሳል፤ አጠገባችን ያለው ሹፌር መስኮቱን አውርዶ በጋዜጣ ያራግባል። ጋሼ የሹራቡን ወረቀት በጥርሳቸው በጠሱት፣ ከዚያ እጅጌውን እየፈለጉ ለበሱት።

ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ ቀዳዳዎቹንም ወደ እሳቸው አዞርኳቸው። እርጥቡ ሸሚዜ ላይ ሲነፍስብኝ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። አልቀነስኩትም። ጋሼ ቁልፎቹን እስከ አንገታቸው ቆለፉ፣ እጃቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ከተቱ፣ የቆሙትን መኪናዎች እያዩ "እውነትም ይበርዳል" አሉ።

"ይበርዳል ጋሼ" አልኩ።