አራጌ ንግግር ሊያበላሽ የወጣ ቀን

የሮቢቱ ገበሬ አራጌ አፉን ከከፈተ ደመኛ ሳይቀር ይታረቃል ይባልለት ነበር። ሐሰትም አይደለም፤ ቆቦና ጎብዬ ድረስ እየተጠራ ስንቱን ደም አድርቋል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጉድ የፈላበትም በዚሁ አፉ ነው።

ከቀበሌ አስጠሩት። ካድሬው ታደሰ ተቀመጥ እንኳ አላለውም። «ጓድ አራጌ፣ ሐሙስ ስለ ሰፈራው ለሕዝቡ ታስረዳለህ። የሚመዘገብ ከጠፋ አንተን ነው የምጠይቀው» አለው። አራጌ ስለ ሰፈራው የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የፊተኞቹ በመኪና ተጭነው ወደ ምዕራብ ከሄዱ ወዲህ ሞቱ ተብሎም፣ ዳኑ ተብሎም የመጣ ወሬ የለም።

ቤቱ ገብቶ ጉዱን አወራ። ቢናገር ጎረቤቶቹን በገዛ አፉ ማስጫኑ ነው፤ እምቢ ቢል መታሰሩ። መላውን ያመጣችው ሚስቱ ከፈለች ናት። «አበላሽተህ ተናገራ! አንተ ተናግረሃል፣ እነሱ አልሰሙም። ታደሰ ቢጠይቅህም ሕዝቡ እምቢ አለኝ ትለዋለህ፤ ማን ምን ይልሃል?»

ሦስት ቀን ሙሉ ንግግር ማበላሸት ተለማመዱ። አይ ጣጣ! ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል፣ ከቀበሌ የተሰጠውን ወረቀት እንደ ተማሪ ያነበንባል፣ መሀል ላይ ያስላል። «ምርቃት ብቻ እንዳትጀምር» አለችው ከፈለች። «አሜን ካሉህ በቃ፣ የሚመልስህ የለም።»

ሐሙስ ሕዝቡ ገበያው ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። አራጌ ተነሳ። ወረቀቱን ዘረጋ፤ ከፍርሃቱ የተነሳ ፊደሉ አልታይ አለው። ቀና ቢል ያየው ፊት ሁሉ አጥንት ብቻ። የገዛ ልጁ ጌጥነሽ፣ ዘንድሮ ባሏን የቀበረችው፣ ሁለት ሕፃናቷን ይዛ ከፊት ተቀምጣለች። ሰው ፊት ቆሞ ሳይመርቅ መጀመር አያውቅ፣ ምን ያድርግ? «ዝናቡን ያምጣላችሁ» አለ ሳያስበው።

«አሜን!» አለ ሜዳው።

አለቀ። ፍርሃቱ እንኳ ጥሎት ጠፋ፣ ጉዱ ይኸው ነው! ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሰው አንገቱን አሰገገ፤ ከፍ ሲያደርግ ሴቶቹ አለቀሱ። አይቶት ስለማያውቀው ጥቁር አፈር፣ ስለማይደርቅ ወንዝ፣ ጠግቦ ስለሚያድር ልጅ ተናገረ። ከፈለች ከኋላ ሆና «ኧረ በቃህ!» እያለች በእጇ ብትጠቅሰው አላያትም።

ሲጨርስ የተመዝጋቢው ሰልፍ ከጠረጴዛው እስከ አስፋልቱ ደረሰ። ታደሰ ትከሻውን አቅፎ «በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ዋጃ ሄደህ ትናገራለህ!» አለው። ያኔ ነው አራጌ ጌጥነሽን ሰልፉ ውስጥ ያያት። እሷም ስታየው ከሰልፉ ወጥታ መጣችና እጁን ሳመችው።

«አባዬ፣ ያልከው ሁሉ እውነት ነው አይደል? አንተ ካልከኝ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ።»

የታደሰ ክንድ ከትከሻው አልወረደም። አራጌ የልጅ ልጆቹን አየ፤ ታናሹ ጣቱን ይጠባል።

«እውነት ነው፣ ልጄ» አላት።