በጎቹ ከሳሽ ነበራቸው

እህቴ አስካለ በሰው እጅ ሞታ ሳለ የተመረመረው የበጎች ነገር ነው። ይህ በደል ተጽፎ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። የሚጽፈው ስለጠፋ እኔው በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኩት ፊደል ጻፍኩት።

የቀሰቀሰብኝ የልጅ ልጄ ትዕግስት ከመሐል ሜዳ ከተማ ያመጣችው የወንጀል ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ ውስጥ በሃይማኖት ስም ሰው የሚያጠፋ ማኅበር አለ፤ መርማሪዎቹ አንዲት የጠፋች ልጅ ፍለጋ እንቅልፍ አጥተው ይዞራሉ። እያነበበችልኝ ሳለ ደሜ ፈላ። «ዝጊው!» አልኳት።

እኔ ልጅ ሳለሁ ከመንደራችን ከቀየት በታች፣ ገደሉ ሥር ወዳለ ዋሻ አንድ ሰው መጥቶ ገባ። ባሕታዊ ነኝ አለ። የደብራችን ቄስ «ከየትኛው ገዳም ነው የመጣኸው?» ቢሉት ረገማቸው። ሕመምተኛ እፈውሳለሁ፣ የሚከተለኝ ግን አይናገር፣ እህልም አይቅመስ አለ። ለእሱ በግ ይታረድለት ነበር። እህቴን ደግሞ ራስ ምታት እየጣለ ያነሣት ነበር። እኔ አያቴ ዘንድ ገብስ አጨዳ ሰንብቼ ስመለስ መደቧ ባዶ ነው። «ራሷ ሄደች» አሉኝ አባቴ።

በሶ በጥብጬ በቅል ይዤ ወረድኩ። የጠዋቱ ውርጭ ገና ከሣሩ ላይ አልለቀቀም። ዋሻው አፍ ላይ ከተከታዮቹ አንድ ጎረምሳ ዱላውን አጋድሞ አገደኝ።

«ምን ይዘሻል?»

«በሶ። ለእህቴ።»

«እህትሽ ከምድር እህል ተለይታለች።»

«አንተስ? አገጭህ ላይ ያለው ጮማ ከሰማይ ወረደልህ?»

ቅሉን በእግሩ ደፋው። ከኋላው እህቴን አየኋት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ስሟን እየደጋገምኩ ብጠራ አየችኝ እንጂ አልመለሰችም። በዚያው ሰሞን ሞተች፤ ያለ ፍትሐት ድንጋይ ጫኑባት።

ወደ እኛ መርማሪዎች የመጡት በጎቹ የጠፉበት አንድ ባለጠጋ ከሶ ነው። በእኛ አገር የበግ ጆሮ በየባለቤቱ ምልክት ይቆረጣል። እነሱም ዋሻው ደጅ የተገኙትን በጎች ጆሮ እያገላበጡ «ይሄስ የማን ነው?» ይላሉ፤ ባለቤቱ «የኔ!» ይላል። አባቴ እዚያው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። እኔ ኮት የለበሰውን መርማሪ እጅጌውን ያዝኩት።

«ጌታዬ፣ እህቴስ?»

«ከሳሽ አላት?»

«እኔ አለሁ!»

«አንቺ ልጅ ነሽ። አባትሽ ይክሰስ» ብሎ እጄን አስለቀቀኝ።

ባሕታዊ ነኝ ባዩ በበግ ሌብነት ተፈረደበት። ታስሮ ወጣ፤ ሌላ አገር ሄዶ ሚስት አግብቶ ኖረ። በበግ!

«ያንቺ መጽሐፍ ላይ ከሳሹ ማን ነው?» አልኳት ትዕግስትን።

«ማንም። ሬሳ ከተገኘ ፖሊስ ራሱ ይመረምራል እኮ፣ እማማ።»

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ከሳሽ ባይኖራት ሬሳ ነበራት። ድንጋዩን አንሥቶ ማየት ምን ከበደው?

«አባትሽስ ለምን ዝም አሉ?» አለችኝ።

ይህን እኔም ስጠይቅ ኖሬያለሁ። ባነሣሁባቸው ቁጥር አባቴ ነጠላቸውን አንሥተው ይወጡ ነበር። አርጅተው መነሣት ሲያቅታቸው፣ ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ሳሉ ደግሜ ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ በግ እንኳ የኔ ባይ ሲያገኝ እርስዎ ለምን አልከሰሱም?»



«ማንን ልክሰስ?» አሉኝ። «ትዳንልኝ ብዬ እጇን ይዤ ያስረከብኳት እኔ ነኝ።»