ሳይላክ የመጣ መርዶ ነጋሪ

ዛሬ ጠዋት የአውቶቡስ ትኬት ልቆርጥ አንድ ድረ ገጽ ስከፍት ያችው የለመድኋት ጥያቄ መጣች፦ «ኩኪዎችን ይቀበላሉ?» «እቀበላለሁ» የሚለው ቁልፍ ትልቅና አረንጓዴ ነው። «አልቀበልም» የሚለውን ግን ግራጫ ቀብተው፣ አሳንሰው፣ ጥግ ላይ ወሽቀውታል። እንደ ሁልጊዜው ደሜ ፈላ። ሰው በአንዲት ቁልፍ እንዲህ ይናደዳል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ እናደዳለሁ፤ ምክንያቱንም ልንገራችሁ።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ከእናቴ ጋር ፋሲሎ በሚባል ሰፈር፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ግቢ ነበር የምንኖረው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ የረጠበ ደንገልና የተጠበሰ ዓሣ ሽታ በመስኮት ይገባል። እናቴ የፋብሪካ ጸሐፊ ነበረች። ማራገቢያዋ እንደ ወፍጮ የምትጮህ አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ነበረችን። እናቴ ከሥራ መልስ ትንሽ ታይባታለች፤ ቀሪው ጊዜ የእኔ ነው። ከሁለታችን በቀር የሚነካት ሰው አልነበረም።

ፈተናው እየቀረበ ሳለ የፊዚክስ ጥያቄ ልፈልግ ስገባ ከገጹ ጎን አንድ ማስታወቂያ ብቅ አለ። ፀጉሯን በሻሽ የሸፈነች ሴት ፈገግ ብላ ታየኛለች። ባሕር ማዶ ያለ ሆስፒታል የጡት ካንሰር እንደሚያክም ይናገራል። ዘጋሁት። የኳስ ዜና ላይ ተከተለኝ። የዘፈን ግጥም ስፈልግም እዚያው ጠበቀኝ፤ ጭራሽ «ፍለጋዎን ካቆሙበት ይቀጥሉ» አለኝ። እኔ ምንም አልፈለግሁም። ታዲያ የፈለገው ማን ነው? እናቴ ሰሞኑን ክሊኒክ ስትመላለስ የጨጓራ ነው ብላኝ ነበር።

ከሥራ ስትመጣ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርሁት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ አነበበችው።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

«እሱ» ብዬ ማስታወቂያውን ጠቆምሁ።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ተቆጣች፤ ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ወርውራ እዚያው ቆመች።

«ለንስሐ አባቴ እንኳ ገና ያልነገርሁትን» አለች። «ፈተናሽ እስኪያልፍ ብዬ አንጀቴን አስሬ፣ ያየሁትን ሁሉ በየቀኑ እየሰረዝሁ፣ ይኼ ማን ሁኖ ነው ቀድሞኝ ለልጄ የሚነግር?»

ቁጣዋ ገባኝ። አባቴ ለሥራ ጎርጎራ እንደ ሄደ የሞተ ጊዜ ትንሽ ልጅ ብሆንም መርዶው እንዴት እንደመጣ አስታውሳለሁ። ጎረቤቶቻችን ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው መጡ። ማን እንደሚናገር፣ ማን ከጎኗ ቆሞ እንደሚይዛት አስቀድመው ተመካክረው ነበር። የተናገሩት ሽማግሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከሩቅ ጀምረው ነው ወደ ነገሩ ያመጡት። እናቴ ስትወድቅ እጆች ተዘርግተው ይጠብቋት ነበር። እኛ አገር ክፉ ወሬ የሚነገረው እንዲህ ነው። ይህ ማስታወቂያ ግን ማንም ሳይልከው፣ ጥርሱን እየገለጠ፣ የእናቴን ሕመም ይዞ ሊነግድብኝ መጣ። እስከ ዛሬ ይህን ይቅር ማለት አልቻልሁም።

እናቴ ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ የሚኖረውን የኮምፒውተር መምህር ጠራችው። መምህሩ ስትሰርዝ የኖረችው የከፈተቻቸውን ገጾች ዝርዝር ብቻ እንደሆነ ነገራት። በየገጹ ያደፈጡ የማስታወቂያ ድርጅቶች ያስቀመጧቸው ኩኪ የሚባሉ ምልክቶች ግን ላፕቶፗ ውስጥ ቀርተዋል፤ በእነሱ ነው ከገጽ ገጽ የሚከተሉን። እናቴ ስሙን ስትሰማ ይበልጥ ተቃጠለች። ለእሷ ኩኪ ኬክ ቤት ከሻይ ጋር የሚቀርብ ነገር ነው።

«ሰላዩን በብስኩት ስም ጠሩት?» አለች።

መምህሩ ሳቁን ዋጠ። የተከማቸውን ኩኪ ሁሉ አጸዳና የብራውዘሩን ሴቲንግ ከፍቶ ክትትል የሚያግደውን ማብሪያ አሳያት። ሊጫነው ሲል እጁን ገፋ አድርጋ በራሷ ጣት ተጫነችው። ሁሉንም እንደማያስቆም፣ ብዙውን ግን እንደሚያስቀር አልደበቃትም። ጥቂት ገጾች ስንከፍት ብራውዘሩ ያገዳቸውን ተከታታዮች ስም እየደረደረ አሳየን። እናቴ መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አነበበቻቸው።

«እነዚህ ሁሉ እኛ ቤት ነበሩ?» አለች በመጨረሻ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ሐይቁ ወሰደችኝና ዋርካው ጥላ ሥር ተቀመጥን። ውሃው ዓይን ይወጋል፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን ሊያደርቅ ድንጋይ ላይ እያቆመ ነበር። ነጠላዋ ገና የዕጣን ሽታ ነበረው።

«አሁን እንዳልሰማሽ ሁኚልኝ» አለችኝ። «እኔ ልንገርሽ።»

እሺ አልኋት። ከሩቅ ጀመረች፤ ስለ ልጅነቴ፣ ስለ አባቴ፣ እኔ እንዴት ጠንካራ ልጅ እንደሆንሁ። ቀስ እያለች ወደ ክሊኒኩ አመጣችው። የበሽታውን ስም ስትጠራ ክንዷ ወገቤን ይዞ ነበር። የማውቀውን ነገር እንደ አዲስ ሰማሁት፤ አለቃቀሴም የአዲስ ነበር።

ፈተናውን አለፍሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ አየች፤ ስመረቅ ግን አልነበረችም።

ዛሬም ግራጫዋን ቁልፍ ፈልጌ ተጫንሁ። አሮጌዋ ላፕቶፕ አሁንም አለች፤ እናቴ በጣቷ ያበራችውን ማገጃ አልነካሁትም። አንዳንዴ ስትናፍቀኝ እከፍታታለሁ። ማስታወቂያ አይጠፋም፤ ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ ለማንም የሚሆን ዕቃ ነው። ስለ እናቴ አንድም የሚያነሣ የለም። መታመሟን ማስታወቂያዎቹ ቀድመው አውርተውባት ነበር። መሞቷን ግን አልሰሙም፤ እኔም አላረዳኋቸውም።