በማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ጂኦሜትሪ

ሞጣ ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነበር። አንድ ቀን ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ፣ እንደ ልማዴ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ እየጻፍኩ፣ «ይሄንን ወደዚህ እናመጣና ከዚያኛው ላይ እንቀንሰዋለን» ስል ከፊት ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ‹ይሄ› ያሉት የቱን ነው? ‹ያኛው›ስ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አፈርኩ። ልጅቷ ዓይነ ስውር ናት። ይህንን አውቅ ነበር፤ ስም መጥሪያው ላይ ከስሟ አጠገብ «ሒሳብ አይመለከታትም» ተብሎ ስለተጻፈ ግን እንደሌለች ቆጥሬያት ኖሬያለሁ።

ሲደወል አስቀረኋትና፣ «በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንድትወጪ ተፈቅዶልሽ የለም እንዴ?» አልኳት።

«ተፈቅዶልኛል። ግን ውጭ ምን ልሠራ? እዚህ ቁጭ ብዬ ስሰማ ደስ ይለኛል።»

የጉንደ ወይን ልጅ ናት። ብሬል የተማረችው ቢቸና ሲሆን፣ ሞጣ የመጣችው እዚያ ጉሊት ከምትቸረችር ታላቅ እህቷ ጋር እየኖረች ለመማር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰሌዳው ላይ የምጽፈውን ሁሉ ጮክ ብዬ እያነበብኩ መጻፍ ለመድኩ። እኩልታውን በብሬል ወረቀቷ ላይ ጠቅ ጠቅ እያደረገች ትከተለኛለች፤ ብዙ ጊዜም ከሌሎቹ ቀድማ መልሱን ትነግረኛለች።

ችግር የመጣው ግራፍ ላይ ስንደርስ ነው። ፓራቦላን በቃል ለማስረዳት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለፋሁ፤ አልሆነም። ካርቶን ላይ ሲባጎ በኮላ ለጥፌ ሰጠኋት። በማግስቱ ሲባጎው ተላቆ እጇ ላይ ቀረ።

ገበያው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ሞጣ የኖሩ ሙስሊም ናቸው፤ ሱሪዬን የሚያሳጥሩልኝ እሳቸው ነበሩ። ካርቶኑን ይዤ ሄጄ እላዩ ላይ በክር ይሰፉልኝ እንደሆን ጠየቅኳቸው።

«ካርቶንማ መርፌዬን ይሰብረዋል» አሉ። «የማዳበሪያ ከረጢት አምጣልኝ።»

እኔ በጠመኔ ሳልኩ፤ እሳቸው ሰፉ። መስመሮቹን በቀጭን ክር፣ ፓራቦላውን ሦስት ጊዜ በተመላለሰ ወፍራም ክር፣ ነጥቦቹን በሸሚዝ ቁልፍ አደረጓቸው። ቁልፉ የእኔ ሐሳብ አልነበረም፤ የእሳቸው ነው።

ከረጢቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግቼ ጣቷን ከጫፉ አስያዝኳት። ቀስ እያለች ወረደች፤ ታች ስትደርስ ቆመች፤ ከዚያ ወጣች።

«ወርዶ ይመለሳል እኮ!» አለች። ሁለቱን እጆቿን ግራና ቀኝ አድርጋ እንደገና ከላይ ጀመረች። «ግራውና ቀኙ እኩል ነው አይደል ቲቸር? አንዱን ካወቅኩ ሌላውን መፈለግ አያስፈልገኝም ማለት ነው?»

እንደዚያ ብዬ አላስተማርኳትም። ራሷ አገኘችው።

በሁለት ዓመት ውስጥ ከረጢቶቹ ሃያ ያህል ሆኑ። ዓይናቸው የሚያይ ልጆችም ይዋሷት ጀመር። አሥረኛ ክፍልን ልትጨርስ ስትል፣ «ለምን ተፈጥሮ ሳይንስ አትገቢም?» አልኳት። ይህንን ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ አልጠየቀችኝም።

አመለከተች፤ ጉዳዩም የመምህራን ስብሰባ ላይ ቀረበ። ዳይሬክተሩ ማመልከቻዋን አንብቦ ሳቅ አለ።

«ዓይነ ስውራን የሚገቡት ማኅበራዊ ሳይንስ ነው፤ ሒሳብም አይመለከታቸውም፤ አሠራሩ ይሄው ነው። ላቦራቶሪ ገብታ አሲድ ብትደፋስ ማን ይጠየቃል?»

ላቦራቶሪያችን የተሰበረ ወንበር የሚከመርበት ቤት ነበር። አሲድ አይቶ አያውቅም። እዚያ የተቀመጥን ሁሉ ይህንን እናውቃለን። የኬሚስትሪው መምህር ዞር ብሎ አየኝ፤ እንድናገር የጠበቀ ይመስለኛል። ያን ሰሞን ግን ወደ ቢቸና የዝውውር ጥያቄ አስገብቼ ነበር፤ ሚስቴ እዚያ ብቻዋን ልጅ ታሳድጋለች። ወረቀቱ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ፊርማ ይጠብቃል። ዝም አልኩ። ሌላ አጀንዳ ተነሣ።

በማግስቱ እንዳልተፈቀደላት ነገርኳት።

«እርስዎስ ምን አሉ?» አለችኝ።

«ብዙ ተከራከርኩ» አልኳት። «አልሰሙኝም።»

«እግዜር ይስጥልኝ ቲቸር» ብላ ጎንበስ አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልብስ ሰፊው ዘንድ ስሄድ ደግሞ ክብ ሰፍተው ጨርሰው ጠበቁኝ። ክብ በማሽን ማዞር አስቸግሯቸው ስንት ጊዜ ፈትተው ሰፍተውታል።

«ውሰድላት» አሉኝ።

«ከእንግዲህ አያስፈልጋትም።»

«ልጅቱን አንድ ነገር አገኛት እንዴ?» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

የሆነውን ነገርኳቸው፤ ዝም ማለቴን ግን ለእሳቸውም አልተናገርኩም። ከረጢቱን አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱና ወደ ማሽናቸው ተመለሱ። ደህና ዋሉ ብላቸው አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ዝውውሩ በዚያው ክረምት ተፈረመልኝ።

እሷ ማኅበራዊ ሳይንስ ተማረች፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በታሪክ ተመረቀች። ሥራ ፈልጋ ፈልጋ፣ በመጨረሻ ጉንደ ወይን አንድ መሥሪያ ቤት ስልክ እንድታነሳ ቀጠሯት። ይህንን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ባለፈው ዓመት ቢቸና መናኸሪያ ውስጥ አግኝቻት። ድምፄን ሰምታ ወዲያው ለየችኝ። ሻይ ጋበዝኳት። ሥራው ቀላል መሆኑን፣ ቀኑ ግን እንደሚረዝምባት አጫወተችኝ። ያኔ አላስችል አለኝ።

«ያን ቀን ስብሰባው ላይ ምንም አልተናገርኩም» አልኳት። «ዋሽቼሻለሁ።»

ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ብናገር ኖሮም ላይሰሙኝ ይችሉ ነበር» ስል ጨመርኩ።

«ሊሆን ይችላል» አለች። ከዚያ ረዳቶቹ ወደሚጠሩበት ጆሮዋን አዘንብላ፣ «የጉንደ ወይን መኪና እየሞላ ነው መሰለኝ» ብላ ተነሣች። ክንዷን ልይዝላት እጄን ዘረጋሁ።

«አያስቸግሩ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ» አለችና ዱላዋን አስቀድማ ሄደች።